ያልበላው ተኩላ

አባቴ በሁለት ወር ውስጥ ሚስት አግብቶ፣ ተከሶ፣ በግ አርዶ፣ ሚስቱንም ፈትቶ ጨርሷል። ሚስቲቱ ግን አልነበረችም። የፈጠርኳት እኔ ነኝ። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከአሰላ ልጆች ሁሉ የታወቅሁ ውሸታም እኔ ነበርኩ ብዬ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን እኔ አንድ ብዬ የጀመርኩትን ከተማው በአንድ ሳምንት አስር ሲያደርሰው ስላየሁ ከውድድሩ ወጥቻለሁ።

አባቴ ጎሚስታ ነው። ከአዳማ መጥቶ ወደ በቆጂ በሚያልፈው አስፋልት ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ኮምፕሬሰርና ወገቡ ላይ የተቆረጠ በርሜል አለው። በርሜሉን ውሃ ይሞላውና የተነፋውን የውስጥ ጎማ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ከሰው ጋር ሲነጋገርም እንደዚያው ነው። ዝም ብሎ ያያችኋል፤ ከየት በኩል እንደምትተነፍሱ ይጠብቃል። ልጁ ሆኖ ላደገ ሰው ይሄ ትልቅ ችግር ነው።

እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ጂዳ ሄደች። "ሁለት ዓመት ብቻ" ብላ ነበር። ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ። በረመዳን ለዒድ እመጣለሁ ትላለች፤ ዒድ ሲደርስ ለዐረፋ ትላለች፤ በዐረፋ ደግሞ አሠሪዋ ወልዳ ትገኛለች። ሴትየዋ ስትወልድ ኖረች። እናቴ የምትደውለው በድምፅ ብቻ ነው። ካሜራውን ክፈቺ ስላት "ቤቱ ውስጥ ሰው አለ" ትለኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው።

እኔም ባለጌ ሆንኩ። ከክፍል እጠፋለሁ፣ የሰው ደብተር እቀዳለሁ፣ የሰው ፀጉር እጎትታለሁ። በአባቴ ስም "ልጄ ስለታመመች ይፈቀድላት" የሚል ደብዳቤ እየጻፍኩ ለትምህርት ቤት እሰጥ ነበር። ጽሑፌ ከሱ ጽሑፍ ይበልጣል። ጥፋቴ የጻፍኩትን አለማስታወሴ ነው፤ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ትርፍ አንጀቴን ሁለት ጊዜ በኦፕሬሽን አስወጣሁ። የክፍላችን ኃላፊ አባቴን አስጠርቶ ሁለቱን ደብዳቤ ፊቱ ዘረጋለት። አባቴ አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ "አላህ ይማራት" አለና ተነስቶ ወጣ። እቤት ሲደርስም አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሳቡን የሰጠችኝ አጠገቤ የምትቀመጥ የሳጉሬ ልጅ ናት። አክስቷ ቤይሩት ነበረች። ባሏ ሌላ አገባ ሲሏት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሳፍራ መጣች። "ሻንጣ እንኳን አልያዘችም" አለችኝ። እኔ ከዚያ በኋላ የሂሳብ መምህሩ የሚያወራው አልተሰማኝም። ሁለት ሳምንት! ስድስት ዓመት ለምኜ ያላገኘሁት ነገር ለካ በአንዲት ሴት ይገኛል።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ቀርቼ የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ጥላው ከሄደችው ልብስ ውስጥ አረንጓዴውን ቀሚስ መረጥኩ። ከፊት ለፊት ስድስት ቁልፍ አለው፤ አራተኛው ጥቁር ነው። አረንጓዴው ወድቆ ጠፍቶ አባቴ ከራሱ ጃኬት ቆርጦ የሰፋላት ነው። ያን ቀሚስ ለብሳ ነው አንደኛ ክፍል ያስገባችኝ። አጥር ሥር ባለው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ከአባቴ ሱሪ አጠገብ ሰቀልኩት። ራቅ አድርጌ ሳሰጣው ገበያ ላይ የተገናኙ እንግዶች መሰሉ። በጣም ሳስጠጋው ደግሞ የተጣሉ መሰሉ። በመጨረሻ እጅጌውን በሱሪው ላይ ጣል ሳደርገው ትዳር ሆነ። ፎቶ አነሳሁና ላክሁላት። ሥሩም "አባ ሚስት አገባ። እንዳትነግሪያት ብሎኛል። አንቺ ብትመጪ ይሻላል" ብዬ ጻፍኩ።

የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀሚሱን ታውቀዋለች ብዬ። ከላክሁ በኋላ ነው የፈራሁት፤ እኔ ሁልጊዜ ከላክሁ በኋላ ነው የማስበው። መልሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ።

"ይቺ ባለ አረንጓዴ ቀሚስ ማን ናት?"

ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ውሸቴ ሠርቷል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አለቀስኩ። የራሷን ቀሚስ ረስታዋለች። ቀሚሱን ከረሳች እኔን ምኔን ታስታውሳለች አልኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ፤ እኔ ስናደድ ጽሑፍ ይቀለኛል። "የሳጉሬ ሴት ናት። ወፍራም ናት። ስትስቅ የወርቅ ጥርሷ ይታያል" ብዬ ጨመርኩላት። የወርቅ ጥርሱን ያገኘሁት ባለፈው ቀን አባቴ ጋ ጎማ ካሠራ የጭነት መኪና ሹፌር አፍ ነው።

ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። እናቴ አልመጣችም። መደወልም አቆመች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ መምጣቷን ፈልጌ ድምፅዋን አጣሁ። በኋላ ስሰማ ለታላቅ እህቷ፣ አሰላ ለምትኖረው አክስቴ ደውላ፣ "እሱ ደስ ካለው ይኑር። እኔ ወዴት ልመጣ ነው? እዚሁ ሁለት ዓመት አስጨምራለሁ" ብላት ነበር።

አክስቴ ደግሞ ነገር የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ወተት የምታመላልስልን ሴት ለአባቴ አዲስ ሚስት ወተት ሸጣላት ተገኘች፤ "ሰፍራ ነው የምትቀበለው፣ ክፉ ናት" አለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጭኗት ነበር፤ በታሪፍ ተጨቃጭቃዋለች። ከጢቾ ገብስ ይዞ የመጣ ሽማግሌ አባቷን በደንብ ያውቀዋል፣ ደህና ሰው ነው። ለአባቴ ግን ማንም አልነገረውም፤ ሰው ስለ አንተ የሚያወራውን መጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ። እኔ ግን ሁሉንም እሰማለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳላስበው ሦስት ኩባያ ሻይ ቀዳሁ። ሦስተኛውን ኩባያ ሳየው ፀጉሬ ቆመ።

ረመዳን ገባ። ያን ወር ከሰዓት በኋላ ከዓስር ሶላት ቀጥሎ መድረሳ ውስጥ ለልጃገረዶች የነቢያት ታሪክ ይነገር ነበር፤ አባቴ ሥነ ሥርዓት ትማር ብሎ ላከኝ። ኡስታዙ ወጣት ነው፣ ጉንፋን የማይለቀው፣ ታሪክ ሲናገር ግን አፍንጫውን መጥረግ ይረሳል። የነብዩ ዩሱፍን ታሪክ ጀመረልን። ወንድሞቹ ወስደው ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት እኔ ልቤ ተነካ፤ ይሄ ልጅ እኔ ነኝ አልኩ። እናቴ የጣለችኝ፣ ብርድ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጥኩ። ከአሰላ የበለጠ ብርድ ያለበት ጉድጓድ ደግሞ ከየት ይመጣል? ሦስት ቀን ያህል እንደ ዩሱፍ ሆኜ ሰነበትኩ። አንገቴን አቀርቅሬ ስሄድ ጎረቤት ሁሉ ጾሙ የጠናባት መሰለው።

በአራተኛው ቀን ወንድሞቹ ሸሚዙን የሐሰት ደም ቀብተው ለአባታቸው አመጡለት፤ ተኩላ በላው አሉት። ያኔ ከወገቤ ቀና አልኩ። ልብስ ለማስረጃ! ገመዱ፣ ሱሪው፣ እጅጌው ፊቴ መጣ። ዩሱፍ መሆኔ በዚያው አበቃ።

የሳጉሬዋ ልጅ እጇን አወጣች። "ኡስታዝ፣ እኛ ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከአይጥ በቀር አይበላም። አጎቴ እዚያ ከብት ያሰማራል። በግ አጠገቡ ሲያልፍ እንኳን ዝም ነው የሚለው።"

"የከንዓን ተኩላ ሌላ ነው" አለ ኡስታዙ።

"ያም ቢሆን እኮ አልበላም" አለች።

"አልበላም! እሱን ነው የምለው!"

"ታዲያ ተኩላው ምን ሆነ?" አልኩ እኔ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "ስሙ ጠፍቶ ቀረ?"

ኡስታዙ ይሄ ከመጽሐፉ ሳይሆን ሽማግሌዎች የሚያወሩት ነው ብሎ አስጠንቅቆን ነገረን። ወንድሞቹ ዱር ገብተው አንድ ተኩላ ይዘው አባታቸው ፊት አቀረቡት አሉ። አባትየው "ልጄን በላህብኝ?" ብሎ ሲጠይቀው ተኩላው በአላህ ፈቃድ አፍ አውጥቶ መለሰ። "የነቢያት ሥጋ ለእኛ እርም ነው። ደግሞም እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም፤ ዘመድ ልጠይቅ መጥቼ ነው።" ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በልቤ ግን ሳጉሬ ውስጥ አንዲት ወፍራም ባለ ወርቅ ጥርስ ሴት ዘመድ ልትጠይቅ አሰላ ብትመጣ ምን ይውጣታል እያልኩ ነበር።

ሌላ ሰው ልጠይቅ ብዬ ጎረቤታችን ወደሆኑት እትዬ ሄድኩ። አጥር ነው የሚለየን፤ የልብስ ማስጫው ገመድ አንደኛው ጫፍ የታሰረው በሳቸው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀራቸው ነገር የለም፤ ያን ጊዜም ሁዳዴ ይዘው ነበር።

"እትዬ፣ በእናንተ ዮሴፍ ላይ ተኩላው ምን ሆነ?"

"በኛ ተኩላ የሚል የለም ልጄ፤ ክፉ አውሬ ነው የሚለው። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ አይደለም። እኔን የሚያሳዝነኝ ጠቦቱ ነው።"

"የቱ ጠቦት?"

"ደሙን ከየት ያመጡት መሰለሽ? ቀሚሱን የነከሩት በፍየል ጠቦት ደም ነው። አውሬው ስሙ ነው የጠፋ። ጠቦቱ ግን ታረደ። ስለሱ አንድ ሰው እንኳን ጠይቆ አያውቅም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የአባትሽ ሚስት ግን ጨዋ ትመስላለች። ድምጿን በአጥር እሰማለሁ፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራ።"

እትዬ ዋሽተው አያውቁም። ወደ ቤት ስመለስ በሩን በእግሬ ገፋ አድርጌ መጀመሪያ ውስጡን አየሁ።

ዒድ ባለፈ በሳምንቱ አክስቴ ሴቶች አስከትላ ግቢያችን ገባች። ከሳጉሬ በሚኒባስ የመጡ ሁሉ ነበሩበት። እያንዳንዷ ሲንቄዋን ይዛለች። ሲንቄ ቀጭን በትር ነው፤ ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ የምትሰጣት። አንዲት ሴት ስትበደል ሌሎቹ ሥራቸውን ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። የተወጣበት ወንድ አይከራከርም። ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያርዳል፣ ይመረቃል። ከሲንቄ ጋር ሙግት የገጠመ ሰው እኔ እስከማውቀው አርሲ ውስጥ የለም።

"በሌለችበት፣ እሷ ሰው ቤት እየለፋች!" አለች አክስቴ። "የእናትሽን ሲንቄ አምጪ። እሷ ባትኖር ሲንቄዋ አለ።"

ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አመጣሁት። አቧራ ነበረው። ልያዘው ስል አንዲት ሴት "ያላገባች ልጅ ሲንቄ አትይዝም" አለች። ሌላዋ "የተበዳይዋ ልጅ ናት፣ በእናቷ ፋንታ ትያዝ" አለች። ሦስተኛዋ "እንዲህ ያለ ሥርዓት ከየት አመጣሽ?" አለቻት። ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ተከራከሩ። እኔ መሐላቸው በትሩን ይዤ፣ አሁን እውነቱን ከተናገርኩ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል እያልኩ አስባለሁ። አፌን ከፈትኩ። አክስቴ "አይዞሽ፣ አታልቅሺ" ብላ ሁለቱን ሲንቄ በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው እጇ ያዘችን። በዚህ ዓይነት የአባቴን ከሳሾች ከፊት ሆኜ መራሁ።

አስፋልቱን ስንሻገር መኪናው ሁሉ ቆመ። ኡስታዙ ከማዶ ሲመጣ እኛን አየና ሰዓቱን ተመልክቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። አባቴ እስከ ክርኑ በርሜሉ ውስጥ ነበር፤ አረፋ እየፈለገ። ሴቶቹ እያዜሙ ከበቡት። ጎማው የተፈታበት የአይሱዙ ሹፌር ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ መሐል ቀረ። አክስቴ ስልኳን ከደረቷ አውጥታ እናቴ የላከችላትን ፎቶ ፊቱ ደቀነችው።

"ይሄን ታውቀዋለህ?"

አባቴ እጁን በሱሪው ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ። አየ። እኔ ዓይኑን ነበር የማየው። ሱሪውን አየ፤ እጅጌውን አየ፤ ከዚያ ቁልፎቹን ከላይ ወደ ታች ቆጠረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለና እኔን አየኝ፣ በርሜል ውስጥ እንዳለ ጎማ።  አሁን ሊናገር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አጥፍቻለሁ" አለ አባቴ።

"ሂንጂርቱ!" ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ የለችም ማለት ነው። አንዲት ቃል ናት። አልወጣችም። እኔ ትርፍ አንጀቴን ሁለቴ ያስወጣሁት ልጅ፣ ለእውነት ሲሆን ምላሴ ተሳሰረ። ሹፌሩ "ጎማዬስ?" አለ፤ ዝም በል አሉት።

ለፍቺው የሠፈር ሽማግሌ ተጠሩ። በርጩማ ተሰጣቸው። "እሺ፣ ስሟ ማን ነው?" አሉ።

አባቴ ዙሪያውን ተመለከተ። ግድግዳው ላይ ወደተደገፉት ጎማዎች አየና አንድ ስም ተናገረ። ሽማግሌው ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት። "ሰምቼው አላውቅም። የወዴት ሰው ናት?"

"ከሩቅ ናት" አለ አባቴ።

እኔ ከቆምኩበት የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ያው ስም በደንብ ይነበባል። አባቴ ሽማግሌና ምስክር ባለበት "ፈትቻታለሁ" እያለ ሦስት ጊዜ ጎማ ፈታ። ያኔ አልሳቅሁም።

"አሁን የት ናት?" ተባለ። አባቴ "ሄዳለች" ከማለቱ ወተት የምታመላልሰው ሴት ተቀብላ፣ "አዎ፣ ትናንት ጠዋት ወደ ጮሌ ስትሳፈር አይቻታለሁ። እያለቀሰች ነበር፣ ምስኪን" አለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። "እሷስ ምን ታድርግ፣ ባለትዳር መሆኑን ሳይነግራት ይሆናል" አለች አንዷ። የሆነ ነገር አዋጥተን እንላክላት ያለችም ነበረች፤ አድራሻዋ ስላልታወቀ ቀረ።

በጉ መጣና በርሜሉ አጠገብ ታረደ። ደሙ በጎማዎቹ መሐል ወደ ቦዩ ሲወርድ የእትዬ ጠቦት ትዝ አለኝ። ተኩላዋ ስሟ ጠፋ፣ በጉ ታረደ፣ አባትየው ዝም አለ። ማን ቀረ? ቆመው የሚያዩት ወንድሞች ናቸው የቀሩት። ወንድሞቹ ደግሞ አስርም ሆኑ ስንት፣ ሁሉም እኔ ነበርኩ። ሴቶቹ እርጥብ ሣር ይዘው አባቴን መረቁት፤ ቤትህ ይሙላ፣ ልጅህ ትባረክ አሉት። ራሱን ዝቅ አድርጎ "አሚን" አለ። ልጅህ ትባረክ ሲሉት ከሌላው ጊዜ ጮክ ብሎ አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ፀሐይ ገብታ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"ቀሚሱ የት ነው?" አለኝ።

ከፍራሼ ሥር አወጣሁለት። ተቀብሎ ፊቱ ላይ አደረገው። የዩሱፍ አባት በለቅሶ ዓይኑ ጠፍቶ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ የልጁን ሸሚዝ ፊቱ ላይ ሲጥሉለት እንደበራለት ኡስታዙ ነግሮን ነበር። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። አባቴ አስነጠሰው። ናፍታሊን ነው። ሦስት ጊዜ አስነጠሰውና ዓይኑን ጠረገ። ናፍታሊኑ ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ።

"ለምን?" አለኝ።

"እንድትመጣ።"

ቀሚሱን ጉልበቱ ላይ አጠፈ። "እኔም እንድትመጣ ብዙ ነገር አስቤ ነበር" አለ። "ይሄን ግን አላሰብኩም።"

"አባ፣ ለምን እውነቱን አልተናገርክም?"

"ያን ሁሉ ሴት ይዘሽብኝ መጥተሽ ልጄ ናት የዋሸችው ልበል?" እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ታጥቦም ጥቁር ነው። "እኔ ላይ እድፍ አይታወቅም። አንቺ ገና ነሽ። አሁን ደውዪላት።"

በሦስተኛው ጥሪ አነሳች። ሰላም ሳልላት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ ሚስት የለችም፣ የሳጉሬ ሴት የለችም፣ ጥርሱ የሹፌር ነው፣ ቀሚሱ ያንቺ ነው። በዚያ በኩል የሰው ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል።

"የኔ አይደለም" አለች እናቴ። "እኔ አረንጓዴ ቀሚስ የለኝም።"

"አለሽ።"

"የለኝም አልኩሽ! የራሴን ልብስ አላውቅም?"

ስድስት ዓመት የናፈቅኋት እናቴን ስለ ቀሚስ ስጨቃጨቃት አባቴ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። በመጨረሻ "አሳዪኝ" ብላ ካሜራዋን ከፈተች። ደረጃ ሥር ነበረች፤ ጨለማ ነው፤ ሻሿና ዓይኗ ብቻ ይታየኛል። ቀሚሱን ዘርግቼ ብይዘው አልታይ አላት። ስለዚህ ከቤት ልብሴ በላይ አጠለቅሁትና አምፖሉ ሥር ቆምኩ። ልኬ ነበር። ትከሻው ልኬ፣ እጅጌው ልኬ፣ ቁመቱ ልኬ። ማንም አላስጠነቀቀኝም። እኔም ያኔ ነው ያየሁት።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እስክንጨርስ ድረስ አላነሳችውም።

"ልክሽ ሆነ እኮ" አለች ከእጇ ሥር። "ልጄ፣ መቼ ነው ልክሽ የሆነው?"

 አባቴ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወጣ። ሲመለስ "ውሉ ሲያልቅ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ" አለኝ። ቃሉን ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አመንኩት።

ከዘጠኝ ወር በኋላ መናኸሪያ ቆመን የአዳማውን ሚኒባስ ጠበቅን። የአባቴ እጅ በጋዝ ታጥቦ ቀይ ሆኗል። እኔ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሻለሁ፤ እኔን ባታውቀኝ ቀሚሱን ታውቃለች ብዬ። ሰው መውረድ ጀመረ። ሁለት ተማሪዎች ወረዱ፤ ዶሮ የያዙ ሽማግሌ ወረዱ። ጥቁር ዓባያ የለበሰች ወፍራም ሴት ወረደች፤ ወደ እኛ ዞራ ፈገግ ስትል የወርቅ ጥርሷ ብልጭ አለ። ከኋላዬ ወተት የምታመላልሰው ሴት "ያቺ ናት! የተፈታችው! ተመልሳ መጣችበት!" ስትል ሰማሁ። እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ለአንድ አፍታ አመንኳት። የፈጠርኳት ሴት በእግሯ መጣችብኝ ብዬ የአባቴን እጅጌ ያዝኩ። ከሴትየዋ ዓይኔን አንስቼ እናቴን በሩ ላይ መጠበቅ ቀጠልኩ። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ከዚያ ሌላ የወረደ ሰው የለም።

ወንድሞቹ ዩሱፍ ፊት ሲቀርቡ እሱ አወቃቸው፣ እነሱ ግን አላወቁትም ብሎን ነበር ኡስታዙ። ያኔ ጎበዝ ናቸው፣ ወንድማቸውን እንዴት ያጡታል ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

አንድ እጅ መጥቶ ደረቴ ላይ ያለውን ጥቁር ቁልፍ ነካ።

"አባትሽ" አለች ሴትየዋ፣ "እስካሁን አረንጓዴ ቁልፍ አላገኘም?"